የባለቤቴ ቤት

ወዳጄ ለዓመታት ወር በወር ሲከፍለው የኖረውን የኮንዶሚኒየም ዕዳ ባለፈው ዓመት ጨረሰ። «እንኳን ደስ ያለህ» ልለው ብደውልለት ድምፁ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

«ምነው? ባንኩ ‹ገና ቀሪ አለብህ› አለህ እንዴ?»

«እሱስ በሆነ! ከፍዬ እገላገለው ነበር።»

በማግስቱ ተገናኘን። ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አብሮኝ የኖረ ሰው ነው። እኔ ማስተማሩን ትቼ ጋዜጣ ላይ መሞነጫጨር ስጀምር እሱ ጠመኔውን ይዞ እዚያው ቀረ። ከተጋባ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት፤ ሚስቱን እንደሚወዳት የሚያውቀው ሁሉ ይመሰክርለታል። ኮንዶሚኒየሙን በ1997 ዓ.ም. ሲመዘገብ ሰልፉን የቆመው እሱ ነው፤ ቅጹን የሞላው እሱ ነው፤ ዕጣው ሲወጣ ጋዜጣ ላይ የታተመውም የእሱ ስም ነው። እናም ዕዳው አልቆ ካርታውን በእጁ ሊያስገባ ሲሰናዳ ሚስቱ ቁርስ ላይ እንዲህ አለችው፦

«ካርታው ላይ የእኔም ስም ይግባ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። አልጮኸችም፣ አላኮረፈችም። ሻይ እየቀዳች ነው ያለችው።

«ሃያ ሁለት ዓመት!» አለኝ ወዳጄ፣ ማኪያቶውን እስኪቀዘቅዝ እያማሰለ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አላመነችኝም ማለት ነው። ‹አንድ ቀን ያባርረኛል› ብላ ስታስብ ነው የኖረችው። ፍቅር ባለበት ቤት ወረቀት ምን ይሠራል?»

እውነቱን ልናገርና በዚያች ሰዓት ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። የወንድ ወገንተኝነት ልትሉት ትችላላችሁ፤ ይሆናል። ግን ደግሞ ነገሩ ከወንድነት ያለፈም መሰለኝ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። አንድ ባሕር የቀዳ ሰው ጣሳውን ለይቶ ስሙን አይጽፍበትም። ስለዚህ ወዳጄን «ተዋት፣ ዘመኑ ነው፣ ያልፍላታል» ብዬ አጽናንቼው ተለያየን።

ማታ ቤቴ ገብቼ ታሪኩን ለባለቤቴ አጫወትኳት። ታዝንለታለች ብዬ ነበር። ሽንኩርት እየላጠች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣

«የእኛስ ቤት በማን ስም ነው?» አለችኝ።

እናንተዬ፣ ይህ ጥያቄ በሕይወቴ አንድ ቀን መጥቶብኝ አያውቅም። መልሱን ግን አውቀዋለሁ። በእኔ ስም ነው።

የእኛ ቤት ኮንዶሚኒየም አይደለም። መምህራን በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተን መሬት ከተመራን በኋላ ከባንክ ተበድረን የሠራነው ነው። ማኅበሩ ከአንድ ቤተሰብ አንድ ስም ነበር የሚመዘግበው። ያን ጊዜ እኔ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፤ እሷ የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የእኔ ደመወዝ በማኅተም የሚረጋገጥ ቋሚ ደመወዝ ነው፤ የእሷ ክረምት በመጣ ቁጥር ይቋረጣል። ስለዚህ በእኔ ስም ሆነ። ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነውም፤ ውሃ ቁልቁለቱን እንደሚያገኘው ነገሩ በራሱ ወደ እኔ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ የባንኩ ክፍያ ደመወዜ እጄ ሳይገባ በፊት እየተቆረጠ ይሄዳል። በእሷ ደመወዝ ጤፍ ይገዛል፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ይከፈላል፣ የመብራትና የውሃ ይከፈላል፤ እናቴ በታመመችበት ዓመት መድኃኒቷ የተገዛው በዚያው ነው። እንግዲህ በወረቀት ካየነው ይህን ቤት የከፈልኩት እኔ ብቻ ነኝ። የሁሉም ወር ማስረጃ አለኝ። የበላነው ጤፍ ግን ደረሰኝ የለውም። እሷ ጤፉን ባትገዛ ኖሮ የእኔ ደመወዝ ለባንኩ እንደማይተርፍ ለማወቅ ደግሞ የሂሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። ይህን ለመረዳት የሽንኩርቱ ማታ መድረሱ ነው የሚያሳፍረኝ።

ባለቤቴ እጇን ታጥባ ወደ መኝታ ቤት ገባች። የቤቱን ወረቀቶች የያዘውን ማህደር አመጣችና የብድር ውሉን የመጨረሻ ገጽ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሁለት ፊርማ አለበት። አንደኛው የእኔ፣ ሁለተኛው የእሷ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ቤቱ ለብድሩ መያዣ ሲሆን የባንኩ ሠራተኛ «ባለቤትህን ይዘህ ና» ብሎኝ ነበር። እሷም ከትምህርት ቤቷ ግማሽ ቀን አስፈቅዳ መጣች፤ ወረፋ ጠበቀች፤ በየገጹ ፈረመች። ቤቱ በዕዳ ሲያዝ ፊርማዋ የግድ ነበር። ቤቱ የማን ነው ሲባል ስሟ አላስፈለገም።

«ዕዳው ላይ አለሁ፤ ቤቱ ላይ የለሁም» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ቨርጂኒያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ይህን በስልክ ስነግረው ሳቀ። እሱና ሚስቱ ቤት ሲገዙ የሚስቱ ክሬዲት ገና ስላልጠነከረ የብድሩ ተጠያቂ እሱ ብቻ ሆነ። የባለቤትነቱ ወረቀት ላይ ግን የሁለቱም ስም አለ። እዚያ የዕዳው ወረቀትና የባለቤትነቱ ወረቀት ለየራሳቸው የቆሙ ናቸውና አንዱ ስም ዕዳው ላይ ሳይኖር ቤቱ ላይ መኖር ይችላል። የእኛ ቤት ግልባጩ ነው።

ሕጉን የማያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ ሴትየዋ ሜዳ ላይ ቀረች ማለት ነው?» ይል ይሆናል። አልቀረችም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በዚህ ነገር ላይ አያመነታም። ተጋቢዎቹ በትዳር ውስጥ በሥራቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። አንቀጽ 63 ደግሞ ንብረቱ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል ይላል። በአንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ባንኩ ባለቤቴን ያስጠራት በዚህ ምክንያት ነው። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳም ሁለቱን ይመለከታል። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ቢሆንም በርካታ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ከዚያ በፊት የነበረውን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያየ ሰው የመጣንበትን መንገድ ይረዳል፤ ያ ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ፣ ሚስትን «ታዘዢው» ይል፣ ከራሷ ገቢ በቀር የጋራ ሀብቱን አስተዳዳሪነት ለባል ይሰጥ ነበር።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ በስልክ አስረዳሁት። እሱ ደግሞ ከእኔ የፈጠነ ሰው ነው።

«ጥሩ! ሕጉ ግማሹ የእሷ ነው ካለ ስሙን ምን አስፈለጋት?»

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። መልሱን ያገኘሁት ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ ለቅሶ ትዝታ ነው።

ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሰው በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ከሚስታቸው ጋር በሽምግልና ተጋብተው ሠላሳ ዓመት ኖረዋል፤ የጋብቻ ወረቀት የሚባል ነገር የላቸውም። ከቀድሞ ትዳራቸው የወለዷቸው ሁለት ልጆች ነበሯቸው። በሦልስቱ ማግስት፣ ድንኳኑ ሳይነሳ፣ ልጆቹ «የአባታችን ቤት ካርታ የት ነው?» አሉ። ክፉዎች ናቸው አልልም። ካርታው ላይ የአባታቸው ስም ብቻ ነበርና የአባታቸው ቤት መሰላቸው። ሴትየዋ የዚያ ቤት መሠረት ሲቆፈር ለቀን ሠራተኛው ንፍሮ የቀቀሉ፣ ጭቃው ሲቦካ ውሃ የተሸከሙ ናቸው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሚስት መሆናቸውን ለማስረዳት ጎረቤት ለምስክርነት ተጠራ፤ የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ታቅፎ ችሎት ፊት ቆመ። እኔም መስክሬያለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የቤቱ ግማሽ ተፈረደላቸው። ሕጉ ሠርቷል። ነገር ግን የተከራካሪ ጠበቃው «እርስዎ እዚያ ቤት ውስጥ በምን ሁኔታ ነበር የሚኖሩት? በጥገኝነት ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው የነበረው ፊታቸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። መልስ አልሰጡም። ዞረው እኛን፣ ጎረቤቶቻቸውን፣ አዩን።

ሕጉ የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው። «ይገመታል» የምትለው ቃል በችሎት ውስጥ ትልቅ ጉልበት አላት፤ ከችሎት ውጭ ግን፣ በየመስኮቱ፣ በየቢሮው ወረፋ፣ የሚነበበው ስሙ ነው። ከመሥሪያ ቤት የሚመጣው ደብዳቤ በእሱ ስም ነው። የግቢው ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የሚጠራው እሱ ነው። እሷ አንድ ጉዳይ ልታስፈጽም ብትሄድ «ባለንብረቱ ይምጡ» ትባላለች። ከዚህ የከፋም አለ። ሚስት እያለችው «ያላገባ» የሚል ወረቀት ከየትም አምጥቶ ቤት የሸጠ ሰው ታሪክ ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ካለ ገና እንግዳ ነው። ሕጉ ለእንዲህ ያለችውም ሚስት መንገድ ትቶላታል፤ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። መጠየቅ የምትችለው ግን ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ምንም ቢሆን ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ካለፈው በሩ ተዘግቷል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶቻችን የኮንዶሚኒየም ዕጣ አያውቁም ነበር፤ ነገሩን ግን ያውቁታል።

ወዳጄ ይህንንም ሰምቶ «እኔ እንደዚያ ያለ ሰው ነኝ?» አለኝ። አይደለም። እዚህ ላይ ነው ወደ ዋናው ነገር የምንደርሰው።

«መተማመን» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። የድሮ ሥራዬ አመል ሆኖብኝ ነው፤ ይቅርታ። ማመን አንድ ሰው ይበቃዋል። መታመንም እንዲሁ። መተማመን ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ግሡ ራሱ ብቻህን አትችለኝም ይላል። ወዳጄ ከሚስቱ የሚፈልገው ምንድን ነው? እንድታምነው። ስሟ ሳይኖር፣ ወረቀት ሳትይዝ፣ በእሱ ደግነት ላይ ተደላድላ እንድትኖር። እሱስ ከዚህ ጋር የሚስተካከል ምን ያምናታል? ምንም። ስሙ ተጽፎለታልና ማመን አያስፈልገውም። ቤቱን በተመለከተ የእምነቱ ሸክም በሙሉ በእሷ ጫንቃ ላይ ነው፤ እሷ ሃያ ሁለት ዓመት ተሸክማው አንድ ቀን «አንድ ጫፉን ያዝልኝ» ብትለው «ካድሽኝ» አላት።

ይሁን እንጂ የወዳጄን ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ውድቅ ላደርገው አልችልም። ትዳር የኦዲት መሥሪያ ቤት አይደለም። ሽንኩርቱን ማን ገዛ፣ ጋዙን ማን አስሞላ እያሉ የሚቆጥሩ ባልና ሚስት ሳይፋቱ የተፋቱ ናቸው። እኔም ባለቤቴም የወር ሂሳብ ተሳስበን አናውቅም፤ አሁንም ልንጀምር አናስብም። ታዲያ ቆጠራውን የሚያስቀረው የትኛው ነው? በአንድ ስም የተመዘገበ ቤት አንድ ቀን ጥያቄ ቢነሳበት ሁሉም ነገር ይቆጠራል፤ ደረሰኝ ይፈለጋል፤ ጎረቤት ይመሰክራል። በሁለት ስም የተጻፈ ቤት ቢያንስ ከዚህኛው ይተርፋል። ደግሞስ ወዳጄ በሠርጉ ቀን በምስክሮች ፊት ፈርሞ የለም እንዴ? ያን ቀን ወረቀቱ ፍቅሩን አላረከሰበትም። እንዲያውም ፎቶ ተነሥቶበታል፤ ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሏል።

ይህን ስለው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በፊት ያልነገረኝን ነገር ነገረኝ።

«አባቴ ዕድሜውን ሁሉ በቀበሌ ቤት ነው የኖረው። ሲሞት በስሙ የነበረው የእድር ደብተሩ ብቻ ነበር። እኔም በሕይወቴ በስሜ ያለኝ ነገር ይህ ቤት ብቻ ነው። ስሜን ማታ ማታ አውጥቼ የማየው ጊዜ አለ፤ ትስቅብኝ ይሆናል።»

አልሳቅሁበትም። በኪራይ ቤት ያደገ ሰው ስሙን በካርታ ላይ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ቤት ማለት በዚህ ከተማ ጣሪያና ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሆኖ የመቆጠር ነገር አለበት። ለዚህም ነው ጥያቄው ወዲያው ወደ እኔ አንደበት የመጣው።

«እሷስ? በስሟ ምን አላት?»

አሰበ። «የእቁብ ደብተር» አለኝ።

«እቁቡ ሲወጣላት ምን አደረገችበት?»

ማኪያቶውን ማማሰሉን ተወ። ቤቱ የደረሳቸው ጊዜ የቅድሚያ ክፍያው ጎድሎባቸው ነበር። ጎዶሎውን የሞላው እቁቧ ነው። የእቁብ ብር ደግሞ እንደ ጤፍ ነው፤ ባንክ ገብቶ ሲቆጠር የማን እንደነበር አይናገርም። የባንኩ ደረሰኝ ላይ «ከአቶ እገሌ የተቀበልነው» ይላል።

ስም ሴትን ሲጠቅም አላየንም ወይ የሚል ይኖራል። አይተናል። በኮንዶሚኒየም ዕጣ ከቤቶቹ 30 በመቶው ለሴቶች ብቻ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር፤ ሴቶች በቀረውም ዕጣ አብረው ይወዳደራሉ። በዚህ የተነሳ «በአንቺ ስም እንመዝገብ፣ ዕድሉ ይሰፋል» ያለ ባል ብዙ ነው። ይህ በጎ ነገር ነው፤ በጎነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ግን አንዲት ሴት አጫውታኛለች። ዕጣው በስሟ ወጣ። ሠፈሩ እልል አለ። በሳምንቱ ባሏ ይዟት ሄዶ መሸጥ መለወጥ የሚያስችል ሙሉ ውክልና አስፈረማት። ስሙን በቀኝ እጁ ሰጥቶ በግራ እጁ መልሶ ተቀበላት ማለት ነው። «በስም ነው የእኔ» አለችኝ። የአማርኛችን ጉድ! «ቤቱ በስሟ ነው» ስንል ሙሉ ባለቤት ናት ማለታችን ነው፤ «በስም ነው» ስንል ደግሞ ባዶ ነው ማለታችን ነው። በተቃራኒው ደግሞ ቤቱ በሚስቱ ስም ሆኖ በገዛ ቤቱ እንግዳ የሆነበትን፣ በተጣሉ ቁጥር «ከቤቴ ውጣ» የሚባለውን ወንድም አውቃለሁ። እንዲህ ስል ግን እኩል ብዙ ናቸው ማለቴ አይደለም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የዕድሉ ነገር ነው። አንድ ወጣት በ1997 ዓ.ም. ወንደላጤ ሳለ ተመዘገበ እንበል። በ2002 አገባ። በኋላ ዕጣው ወጣለት። ቅድሚያ ክፍያውንም ወርሃዊውንም አብረው ከፈሉ። ይህ ቤት የማን ነው? ባልየው «ዕጣው የእኔ ነው፣ ሳላውቃት የተመዘገብኩት ነው» ይላል። ሚስትየው «ምዝገባ ቤት አይደለም፤ ቤቱን የከፈልነው አብረን ነው» ትላለች። በየችሎቱ የሚያነታርከው እንዲህ ያለው ነው፤ ዳኞቹ እንደየማስረጃው ይወስኑታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከማስረጃው በስተጀርባ ያለችው ጥያቄ ናት፤ ዕድል የግል ሀብት ይሆናል ወይ? የእኛ ሰው ለዚህ ያለው መልስ አስቂኝ ነው። ባል ሥራ ቢያጣ፣ ከብቱ ቢሞትበት፣ ንግዱ ቢከስር አማቶቿ «ገደ ቢስ ናት፣ ይህቺ ከገባች ወዲህ ነው» ይሏታል። ክፉው ዕድል የእሷ ነው። ዕጣ ሲወጣ ግን «ልጃችን ዕድለኛ ነው» ነው የሚባለው። ገዱ እንደዚህ ከተካፈለ ቤቱም በዚያው ሂሳብ ይካፈላል፤ ምን ይደንቃል?

በዚህ ነገር ከተሜውና የተማረው ይበልጣል ብሎ የሚያስብ ካለ አንድ ያየሁትን ልንገረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎጃም ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር። የአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና ሚስቱን ስም አንድ ላይ፣ ከነፎቶግራፋቸው ነው የሰጠው። ቀደም ብላ የጀመረችው ትግራይ የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ብቻ ነበር የሰጠችው፤ ከእሷ ትምህርት ተወስዷል ማለት ይቻላል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና ገበሬው የያዘው የመጠቀም መብት ነው፤ ያም ሆኖ ደብተሩ ደብተር ነው። የአጎቴ ሚስት ከሙዳዩ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተሯን አውጥታ አሳየችኝ። ሁለቱም ካሜራውን እንደ ጠላት እያዩ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ማንበብ አትችልም። «እቺ እኔ ነኝ» አለችኝ፣ ጣቷን ፎቶዋ ላይ አድርጋ። አጎቴ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ቅር ያለው አይመስልም። አባቶቻቸውም በሰማንያ ሲጋቡ ከሁለቱ ወገን የመጣው ከብት በሽማግሌ ፊት በቀንዱ ተቆጥሮ ነበር፤ ያን ሲቆጥሩ ማንም «አላመናችሁንም» ብሎ ድግሱን ጥሎ አልወጣም። እኔና ወዳጄ ማዕረጋችንን ደርድረን፣ መጽሐፋችንን አገላብጠን፣ አጎቴ ያልከበደው ነገር ከበደን።

ወዳጄ ባለፈው ወር ደወለልኝ። አብረው ሄደዋል። መሥሪያ ቤቱ የጋብቻ ማስረጃ ሲጠይቃቸው እሱ የት እንዳስቀመጠው ጠፍቶት ላብ አጠመቀው። እሷ ከቦርሳዋ አወጣችው፤ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ጥጉ እንኳ ያልታጠፈ። «ሃያ ሁለት ዓመት የት አስቀምጣው እንደኖረች አላውቅም» አለኝ። ጉዳዩ ገና አላለቀም፤ «በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ተብለዋል። የእኛን አገር ሁለት ሳምንት ታውቁታላችሁ።

እኔም በበኩሌ የሚገባኝን ላድርግ ብዬ፣ እራት በልተን ስናበቃ ለባለቤቴ «አንቺ፣ እኛም ካርታው ላይ ስምሽን ብናስገባው ምን ይመስልሻል?» አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ «ኧረ ተወው፣ በእኔና በአንተ መሃል ምን ወረቀት ያስፈልጋል» እንድትለኝ ነበር የጠበቅኩት። እንዲያ ብትለኝ ደግነቴንም ቤቴንም ይዤ ልተኛ።

መነጽሯን አድርጋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየች።

«ሐሙስ ይመችሃል?» አለችኝ።